ታዴ፣ ፋይሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ አሥራ ስምንት ቀን ቀረው። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ ሴት ለሞተ ባሏ ምን ብላ ሰላምታ እንደምትጽፍ ማን አስተምሮኝ! አንተ ብትሆን በሳቅ ትሞት ነበር። የስንቱን ዘማሪ ምስጋና እያቃናህ ሲዲ ሽፋን ላይ ስታሰፍር ኖረህ፣ ሚስትህ ይኸው አንድ ደብዳቤ መጀመር አቅቷት እስክሪብቶ ታኝካለች።

ቤት ደህና ነው። ልጃችን ማርታ ከቀብርህ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምታድረው፤ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ ነው እንጂ፣ እንደምታንኮራፋ ታውቃለህ። ቂርቆስ ያው ቂርቆስ ነው፤ ማለቴ ጎረቤቱም፣ የውሃው ወረፋም። ካዛንቺስን ግን ብታየው አታውቀውም። ሱቃችን የነበረበት ረድፍ በሙሉ ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቶ፣ አበባ ተተክሎበት ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ባለፈው ከታክሲ ወርጄ በራችን የቱ ጋ እንደነበር በእርምጃ ልለካ ሞከርኩና ጠፋብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የተመላለስኩበት በር፣ ታዴ! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጥበቃው መጥቶ ምን እንደጠፋብኝ ጠየቀኝ፤ ደግሞ እማማ ብሎ ይጠራኛል፣ ባለጌ።

ኮምፒውተርህን ቀድሜ አውጥቼ ቤት አምጥቼዋለሁ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ በነጠላ ሸፍኜው ነበር። የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው።

ሥራህን ሰው ቀላል ነገር ይመስለው ነበር። ፎቶ መለጠፍ፣ ስም መጻፍ፣ በቃ። አንተ ግን አንዲት ፋይል ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክህ በፊት ሦስቴ ታያት ነበር። ሥዕሉ ከመቁረጫው መስመር ሦስት ሚሊ ማለፍ አለበት፣ ያለዚያ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይቀራል ትላለህ። ከዚያ ሁሉንም በተራ ወረቀት አትመህ በመቀስ ትቆርጠዋለህ፤ ሽፋኑን ታጥፈዋለህ፤ የሲዲውን ክብ መሃሉን በስተህ አሮጌ ሲዲ ላይ ታስቀምጠውና በመስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለህ። ስክሪን ይዋሻል፣ ወረቀት አይዋሽም ነበር ቃልህ። እኔ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ እተርብህ ነበር። እንደዚያ ስልህ መነጽርህን ወደ ግንባርህ ገፍተህ የምታየኝ አስተያየት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

የመምህር ክንፈን ሲዲ ታስታውሳለህ። እንዴት ትረሳዋለህ! የበገና መምህሩ፣ በሰባ ዓመታቸው የመጀመሪያ ሥራቸውን ያወጡት። የእናታቸውን ፎቶ፣ ያላቸውን አንድ ፎቶ፣ በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልህ። አንተም ከሲዲው ቀዳዳ በላይ፣ ክቡ ላይ አስቀመጥካቸው። ወረቀቱን ቆርጠህ አየኸው፤ እኔም አየሁት፤ ልክ ነበር።

ያን ዕለት ለዓይንህ ቀጠሮ ሐኪም ቤት ሄደህ ነበር። ስኳሩ ዓይንህን መንካት የጀመረ ሰሞን። አንተ ከወጣህ በኋላ መምህር ክንፈ ደውለው የእናታቸው ፎቶ ትንሽ ተለቅ ቢል እንደሚወዱ ነገሩኝ። ወዲያው ማተሚያ ቤቱ ደወለ፤ ማሽኑ አሁን ባዶ ነው፣ ካልላካችሁ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል አሉኝ። ጾሙ ሊገባ ነው፣ ሲዲው መድረስ አለበት። እኔም ሃያ ዓመት አጠገብህ ቁጭ ብዬ እያየሁ ይህችን አላጣትም ብዬ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶውን ተለቅ አደረግኩት። ትልቅ ሲሆን ከቀዳዳው በላይ ያለው ቦታ አልበቃ አለ፤ ወደ መሃል ሳብኩት። መሃል ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚያምር! የቀዳዳው ምልክት፣ ያቺ ቀይ ክብ መስመርህ፣ ፊታቸው ላይ መጥታ ዓይኔን ስትረብሸኝ አጠፋኋት። በአንተ ፋይል ላይ የእኔን ደርቤ መዝግቤ ላክሁት፤ የአንተው በዚያው ጠፋ። ስትመለስ ተልኳል አልኩህ፤ አመሰገንከኝ።

አምስት መቶ ሲዲ ታትሞ መጣ። ካርቶኑን የከፈቱት መምህር ክንፈ ራሳቸው ናቸው። አንዱን አንስተው አዩት፤ ከዚያ ጣታቸውን በእናታቸው ፊት መሃል በተበሳው ቀዳዳ ከተው ቆሙ። ብድግ ብለህ ጥፋቱ የእኔ ነው ያልከው አንተ ነህ። ድጋሚ እናሳትማለን ብለህ ለመንካቸው፤ በእጃቸው ተወው የሚል ምልክት አሳይተው፣ ሲዲውን እዚያው ትተው ወጡ። እኔ ከጀርባህ ቆሜያለሁ። እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ፣ ታዴ፣ ካርቶኑን መልሼ መዝጋት ጀመርኩ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ያቺን የቆረጥካትን ወረቀት ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥክ። እሷን ብታገኝ ፋይሉ ከአንተ እጅ ልክ ሆኖ እንደወጣ ታውቅ ነበር። ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ቀድሜህ አንስቻት ነበር። ስታጣት መነጽርህን አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ዓይኔ ከዳኝ አልክ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፋይል አልነካህም። ሥራ ሲመጣ ወደ ሌላ ሰው ትልካለህ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ግድግዳውን ማየት ጀመርክ። ማርታም ዘመዱም እሰይ፣ ከሥራ ዐረፈ አሉ። እኔም አዎ ዐረፈ አልኩ። እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። በኋላ ግን ደስም ብሎኝ ነበር። ዓይንህን በዚያ ስክሪን ስትጨርስ ማየት ሰልችቶኝ ነበርና፣ ጥፋቴ አንተን ቤት ለማስቀመጥ ጠቀመኝ። ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ስምንት ወር ቆየሁ። ሐዘን ስኳሩን አብሶብህ ይሁን ቀንህ ደርሶ፣ እንጃ፤ አንድ ማለዳ ሳትነሳ ቀረህ።

ባለፈው ሳምንት ነጠላውን ገፈፍኩት። ወረቀቷን ከሳጥኔ ሥር፣ ከአንሶላው መሃል አወጣኋትና ከስክሪኑ አጠገብ አስደገፍኳት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እናትየውን አንተ ያስቀመጥክበት መለስኳቸው። ሦስት ሚሊዋን ጨመርኩ። ቀይ መስመርህን አበራኋት። ከዚያ እንደ አንተ አትሜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ መሃሉን በስቼ በመስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። እጄ እንደ አንተ ስላልለመደ ቀዳዳው ትንሽ ተንጋዷል፤ ፊታቸው ግን ሙሉ ነው።

ይዤው ወደ መምህር ክንፈ ቤት ሄድኩ። እዚሁ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶውን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ታደሰ ምንም አላጠፋም አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በተቆጡኝ። እኔ የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ።

ለካ መጥተህላቸው ኖሯል። በሳምንቱ፣ ብቻህን፣ እንደ ጥንቱ ሰው ድንጋይ በትከሻህ ተሸክመህ፣ እዚያው እኔ የቆምኩበት ደጃፍ ላይ ተንበርክከህ ይቅርታ ለምነሃል። መንገዱ በደንብ ስለማይታይህ አንዴ ተደናቅፈህ እንደወደቅክ ነግረሃቸዋል። ድንጋዩን ከትከሻህ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው ካነሱህ በኋላ፣ ባለቤቴ የሺ እንዳትሰማ፣ ታዝንብኛለች ብለህ ለምነሃቸዋል። እሳቸውም ቃላቸውን ጠብቀው ኖሩ።

ወይኔ ታዴ! ያን ቀን ኮትህ ትከሻው አፈር ለብሶ፣ ጉልበትህ ተልጦ ገባህ። እኔ ምን አደረግኩ? የት ተዝረክርከህ መጣህ ብዬ ጮኽኩብህ። አንተም ግድግዳ ተደግፌ ነው ብለህ ኮቱን አወለቅክ። እኔ ራሴ አጠብኩት፤ የኔን ኃጢአት አፈር በገዛ እጄ አጥቤ አሰጣሁት፣ ሳላውቀው።

መምህር ክንፈ ሲዲው እንደገና እንዲታተም ፈቅደዋል። እኔንም ይቅር ብለውኛል። የእሳቸው ይቅርታ ግን የአንተ ሆኖ አልሰማኝ አለ። አንተን የት ሄጄ ልለምንህ? ድንጋይ ብሸከም የማን ደጅ ልቁም?

አሥራ ስምንት ቀን አለኝ። የሙት ዓመትህ ፍትሐት አልቆ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ሲል እነሳለሁ። ዓይኑ ከድቶት ሥራ አበላሸ ያሉህ ሁሉ ባሉበት፣ የማተሚያ ቤት ሰዎቹም ዘመዶችህም ባሉበት፣ ለአንተ ያልነገርኩትን እነግራቸዋለሁ። ማርታ ታፍርብኝ ይሆናል። ትፈር። ከዚያ በኋላም በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስምህ በተነሳበት ሁሉ ደግሜ እናገረዋለሁ። አልረሳህም፣ ታዴዬ። ያደረግኩብህንም አልረሳውም።

የሺ