የአያ ውድነህ ልብ

ምናለ፣

ቀበሌ ቅረብ ብለውኛል፤ አልቀርብም። ወዴት እንደምሄድ ባታውቅ ይሻልሃል።

የሆስፒታሉ የልብ ማሽን አይሲ፣ ያቺ እግር ያላት ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ አለች። የቀበሌ ሰዎች ቤቱን ሲፈትሹ አላገኟትም። በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልያታለሁ፤ እንዳትፈታት። የሱፍ ሹራብህም እንዳይነካት፣ ሲታሽ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ያቃጥላታል። ጥገና ክፍል ለምትሠራው ለብርነሽ ስጣት፤ አገጣጠሙን ታውቃለች።

ከበሽተኛው ደረት የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች የሆስፒታሉን ጄኔሬተር የኤሌክትሪክ ጫጫታ እኩል ይዘው ይመጣሉ። ይህች አይሲ እኩል የመጣውን ትጥልና ልዩነቱን፣ የልቡን ምት ብቻ፣ ታጎላለች። ያለ እሷ ወረቀቱ ላይ የሚሣለው ጄኔሬተሩ ነው። አባትህ አያ ውድነህ ሰኞ ከጠዳ ለምርመራ ይመጣሉ አይደል?

ሽሮ ሠርቻለሁ፣ ብላ።

ትናንት የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሽቦዎቼን ዘርግተው «የወንበዴ መገናኛ ነው» ሲሉ፣ «አንዳርጋቸው ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ስለ እኔ ጠየቁህ። ያ ሁሉ ሰው እየጮኸ እኔ የሰማሁት ያንተን «አላውቅም» ብቻ ነው። ስበይድ ፋኖሱን የያዝክልኝ አንተ አልነበርክም?

ምነው ምናለ?

ይቅር። ፈርተህ ነው።

የሆስፒታሉ ፈታሽ «ይህ ምንድን ነው?» ካለህ፣ «የአባቴን ልብ የምትሰማ ናት» በለው። እዚያ እንኳ አላውቅም እንዳትል።