ኮሮ ኤሩዌራን "የእኛ ናቸው" የሚል ወገን ስለመጥፋቱ ከዋይሞሆ ራግቢ ክለብ የወጣ የሀዘን መግለጫ

ዋይሞሆ፣ ኒው ዚላንድ፤ ዓርብ፣ ሐምሌ 1927 እ.ኤ.አ.

የክለባችን የመስመር ዳኛና የሁላችንም አያት፣ ኮሮ እያልን የምንጠራቸው አቶ ኤሩዌራ ቶሄ፣ ማክሰኞ ንጋት ላይ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላት፣ ለደጋፊዎችና ለመላው ሕዝብ የምናሳውቀው አንገታችንን ደፍተን ነው። ሐዘናችን ግን ሌሎች ክለቦች የሚያወጡት ዓይነት ሐዘን አይደለም። ምን እንደሆነ ወደታች ይመጣል፤ እስከዚያ እንደ ደንቡ በታሪካቸው እንጀምር።

ኮሮ በ1846 በላይኛው ዋይካቶ፣ በፑኬራታ መንደር ተወለዱ።

በ1864፣ ጢማቸው ገና ሳያቀመቅም፣ መሬታችንን ሊይዝ ለመጣው ለእንግሊዝ ንግሥት ጦር መንገድ መሪ ሆኑ። ጦሩ ረግረጉን ተሻግሮ ፑኬራታ የገባው እርሳቸውን ተከትሎ ነው። መንደሩ ተቃጠለ። ታላቅ ወንድማቸው ፓኦራ እዚያው ወደቀ። ኮሮም አንድ ዓይናቸውን አጡና ሜዳሊያ ተሰጣቸው። ሜዳሊያውን የመንጠቆ ክር ማስጠሚያ አድርገውት ኖሩ፤ ክለቡ ብዙ ዓሣ በልቶበታል።

በ1871 ወደ ዋይሞሆ መጥተው ወይዘሮ ሜሬአናን አገቡ። ከልጆቻቸው ዛሬ በሕይወት ያሉት ወይዘሮ ንጋሁያ ብቻ ናቸው። ኮሮ የተወለዱበትን መንደር ዳግመኛ አልረገጡም። የጠራቸው የለም፤ እርሳቸውም አልደፈሩም።

ከ1894 ጀምሮ በመስመር ዳኝነት አገለገሉን። በግራ በኩል የወጣ ኳስ ስለማይታያቸው እንዳልወጣ ይቆጠር ነበር። እንግዳ ቡድኖች ሲያማርሩ "ዓይናቸው ጦር ሜዳ ቀርቷል፤ ሂዱና ንግሥቲቱን ጠይቁ!" እያልን ሸኝተናል።

እኛ ማኦሪዎች ዘንድ ሰው ሲሞት የትውልድ መንደሩ ሰዎች መጥተው "የእኛ ነው፣ ስጡን" ብለው ይሟገታሉ። አስከሬኑን የያዘው ወገን "ሞተን እንገኛለን እንጂ አንሰጥም" ይላል። ስድቡ በከረረ ቁጥር ሟቹ ተወዷል ማለት ነው። ኮሮ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት ይኸው ጠብ ብቻ ነበር።

"የፑኬራታ ሰዎች ይመጣሉ። እንዳታሳፍሩኝ፣ ጠንከር ብላችሁ ተጣሉ!" ይሉን ነበር።

"ኮሮ፣ እርስዎን ተሸክሞ ያን ዳገት ማን ሊወጣ ነው?"

"ዝም በል፣ አንተ ኳስ የሚያመልጥህ! የእናቴ አገር ሰው ጉልበት እንደ አንተ ቄጤማ መሰለህ?" ብለው በዱላቸው ቁርጭምጭሚታችንን ይፈልጉ ነበር።

ማክሰኞ ዕለቱን ወደ ፑኬራታ ሰው ላክን። የፓኦራ ልጅ፣ አሮጊቷ ወይዘሮ ሂኔማታ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው መርዶውን ሰሙ። "ሰምተናል" አሉና በሩን ዘጉ።

እስከ ሐሙስ ጠበቅን። ኮሮ በሚስታቸው ወገኖች የመሰብሰቢያ አደባባይ፣ በቤቱ በረንዳ ላይ ፊታቸው ተገልጦ ተኝተዋል። ወይዘሮ ንጋሁያ ራስጌያቸው ተቀምጠው መግቢያውን ብቻ ያያሉ። ይህን ቆሞ ማየት አቃተን። ስለዚህ ክለቡ የፑኬራታ ሰው ለመምሰል ማሊያውን ገልብጦ ለብሶ፣ በጓሮ ወጥቶ፣ በፊት ለፊቱ በር "አባታችንን ስጡን!" እያለ ገባ። የወይዘሮ ሜሬአና ዘመዶች ወዲያው ገባቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸውና እንደ ደንቡ ስድብ አወረዱብን። "እናንተ! እንኳን ሰው ኳስ መሸከም መቼ ቻላችሁ?" ለአፍታ ያህል የእውነት መሰለ።

ያኔ ወይዘሮ ንጋሁያ ተነሡ።

"ልጆቼ፣ አውቄያችኋለሁ" አሉ። "ከእናንተ በቀር የጠየቀ የለም። አባቴን ውሰዱት።"

በደንቡ ጠይቆ የወሰደ ወገን ለሰጠው መልሶ አይሰጥም። ይህን አላሰብንበትም ነበር። ተሸክመናቸው ወጣን፤ የምንወስድበት አገር ግን የለንም። ኮሮ አሁን በክለቡ ቤት፣ ማሊያ በሚሰቀልበት ግድግዳ ሥር ናቸው። ወይዘሮ ንጋሁያም አብረውን አሉ። ኮሮን ብቻቸውን አልተውናቸውም፤ ቀልድ ግን አልቆብናል።

ለወይዘሮ ንጋሁያ፣ ለወይዘሮ ሂኔማታና ለመላው የፑኬራታ ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን። የፑኬራታ ወገኖች፣ መጽናናቱ ካልሆነላችሁ ተቆጥታችሁ ኑ። ኮሮን ይቅር በሏቸው አንልም። ስደቧቸው፤ ፊታቸው እንደተገለጠ ነው፣ ይሰማሉ። ብቻ ስድቡን ስትጨርሱ "የእኛ ናቸው" በሉ። እኛ የሚገባውን ያህል እንጣላና እንሸነፋለን፤ መሸነፍ እንደሆን ዘንድሮ ተክነንበታል።

የነገው ጨዋታ ተሰርዟል። ኮሮን ከእሑድ ቀትር በላይ ማቆየት አንችልም። ያኔም ካልመጣችሁ የምንቀብራቸው ሜዳችን ዳር፣ በደህናው ዓይናቸው በኩል ባለው መስመር ነው። ጉድጓዱን ገና አልጀመርነውም። እርሳቸው የጠየቁት እርሱን አልነበረም።