የጠራው ሰማይ

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

ከሆስፒታል አልጋህ ላይ ሆነህ «መሣሪያው እየሠራ ነው?» ስትል የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። እኅታችን እየሠራ ነው በለው፣ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም አትጨምርበት ብላ ለምናኛለች። እንዳልሰማት ያደረገኝ አንተ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ በራፉ ላይ ያልኸኝ ቃል ነው፤ «ቢያቆሙት ከባዳ አፍ አልስማ።»

ወንድሜ፣ አቁመውታል።

የድንጋይ ከሰሉ ኃይል ማመንጫ የሚተፋውን ጋዝ ከጭሱ ለይተህ፣ በቧንቧ ወደ ምድር ሆድ አውርደህ ዐለት ውስጥ ስትቀብር፣ ከተማው «ጭስ አሳሪው» ብሎህ ነበር። ስሙን ወደድኸው። ዳሩ ግን መሣሪያው ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ብዙ የማቀዝቀዣ ውሃ ስለሚሻ፣ ከማመንጫው ማቀዝቀዣ ማማ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት በረከተ፤ ሕዝቡም ጭሱ የባሰ መሰለው። በከተማው ስብሰባ ላይ ፀጉር አስተካካያችን ተነሥቶ፣ ጥቁሩን ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ለቀቃችሁብን ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንተ የሚታየው ከማንቆርቆሪያ አፍ እንደሚወጣው ያለ የውሃ ተን መሆኑን፣ ምድርን የሚያግለው ጋዝ ግን በዓይን እንደማይታይ በትዕግሥት አስረዳህ።

«እንግዲያ የማይታይ ነገር ያዝኩላችሁ ነው የምትለን?» አለህ ፀጉር አስተካካዩ።

መነጽርህን አውልቀህ ስትወለውል ከኋላ ወንበር ሆኜ አየሁህ።

ማልቀስ ያሰኘው ጭስ ወጋኝ ይላል እንዲሉ፣ የማመንጫው ሥራ አስኪያጅም መሣሪያው ኃይል ይበላብኛል እያለ ሲያጉረመርም የኖረ ነውና፣ የሕዝቡን አቤቱታ እንደ ምሥራች ተቀብሎ መሣሪያውን አስቆመው። ባለፈው ሳምንት የማመንጫው ዘበኛ መልኬ አንተን ቢመስለው አስገባኝ። ሠራተኞቹ ቱታቸውን ያሰጡበት የነበረው የመሣሪያህ ትኩስ ቧንቧ ቀዝቅዟል። ጋዙ እንደ ቀድሞው ወደ ላይ ይሄዳል፤ የሚያየው የለም።

ትናንት ፀጉር አስተካካያችን ጢሜን እየላጨኝ «አዩልኝ ጋሼ፣ ሰማዩ ጠራልን እኮ» አለኝ። እንፋሎቱ ስለቀነሰ፣ ለዓይን እውነቱን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ከልቡ ደስ ብሎታል። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ፣ ቃል ስመርጥ ኖሬ፣ ለእርሱ የማይታየውን የሚያሳይ አንዲት ቃል አጣሁ። አገጬን ለምላጩ አቀናሁለት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተስፋ ልልክልህ ፈልጌ ነበር፤ ፈልጌ አላገኘሁም። እኔ ራሴ ግን በመጪው ባቡር እመጣለሁ። አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ አብሬህ አዝናለሁ። ነርሷን መጋረጃውን እንድትዘጋልን እንለምናታለን፤ ጥርት ያለ ሰማይ ማየት አቅቶኛል።

ያልዋሸህ ታላቅ ወንድምህ