ከገንዳው የተባረረው ዓሣ

ክላቶቪ፣ በገና ማግስት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አንቺ፣ ልጆቹና ያ የማያስቀምጥሽ ወገብሽ እንዴት ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ቅዳሜ ተሸንፈን ይኸው እስከ ዛሬ ደስ እንዳለኝ አለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሐሙስ እንደ ወጋችን ለገና እራት የሚሆነውን ዓሣ ልገዛ አደባባዩ ላይ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የቬንዱላ እናት ቆማለች። ቬንዱላ ያቺ የጻፍኩልሽ፣ ከማሠለጥናቸው የቅርጫት ኳስ ልጆች ሁሉ የምትበልጠው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቲቱ፣ «ይሄ ለአማቴ ነው። የኛው እስኪታረድ ድረስ ከነሕይወቱ መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ነው» አለችኝ። «ግን ምን ዋጋ አለው፣ ልጅቷ ማታ ማታ ወደ ባልዲ ታባርረውና ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ትዘፈዘፋለች። ዓሣው ለገና ሳይደርስ በንዴት ሊሞትብን ነው።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ብርድ ሰው ለምን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሚቀመጥ እኔና አንቺ እናውቃለን።

ዓርብ ልምምድ ላይ ሱሪሽን ሰብስቢ አልኳት። ጉልበቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ነገ አትጫወቺም አልኳት። ለካ ቅዳሜ ከፕራግ ትልቅ ክለብ ሊያዩዋት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። «እርስዎ ያልደረሱበት እንዳልደርስ ፈርተው ነው» አለችኝ፣ በጓደኞቿ ፊት። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

ቅዳሜ በሦስት ነጥብ ተሸነፍን። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዞር ብላም አላየችኝ። ሰኞ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ሦስት ወር ብታርፍ ይድናል። አንድ ጨዋታ ብትጨምር ኖሮ አበቃላት ነበር» አለ። ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን፣ «አሰልጣኝ፣ ዓሣውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ የእርስዎ ተራ ነው» ብላ አቀፈችኝ። በቁመት ስለምትበልጠኝ አገጯ አናቴ ላይ አረፈ።

ማን ነገረዎት ብትለኝ አልነገርኳትም።

እህቴ፣ ለብሔራዊ ቡድን በተመረጥኩ ሳምንት ጉልበቴ ማበጡን ለማንም እንዳትነግሪ በአባባ ያስማልኩሽ እኔ ነኝ። ፋሻውን አጥብቀሽ አሰርሽልኝ፣ ቃልሽንም ጠበቅሽ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ከእኔ የምትበልጪው በሁለት ዓመት ብቻ። ጉልበቴ ሜዳ ላይ ከተሰበረባት ከዚያች ቀን ወዲህ ጨዋታ ልታዪ መጥተሽ አታውቂም፤ እኔም ለምን ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አሠለጠንኩ። ከእጄ የወጡት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይዘው ይመጡልኛል። ጉልበቴ ባይከዳኝ ይህን ሁሉ ከየት አገኘው ነበር? ከልቤ ነው የምልሽ።

ጥር አሥራ ስምንት በሜዳችን እንጫወታለን። ፒልዘን ላይ ባቡር ትቀይሪያለሽ፤ እኔ ጣቢያው ድረስ እመጣለሁ። ከጀርባዬ ያለውን ወንበር በስምሽ አስይዤዋለሁ።

ጤና ከቤትሽ አይራቅ፣ እንቅልፍሽም የሰላም ይሁን።

ሁሌም የምትናፍቅሽ ታናሽሽ