የቱርቦው አጣሪ ኮሚቴ

ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን 1979

በቅሎ ቀደመችን። እውነቱን እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ?

ከማንኩሳ ወዲያ ባለው ዳገት ላይ ነው። ፈረንጆቹ ፕሮጀክታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለመሥሪያ ቤታችን የተዉልን የናፍጣ ፒክአፕ ጥቁር ጭስ እየተፋች ስታቃስት፣ አንድ ቄስ በበቅሎ ሆነው በጎናችን አለፉ። ጃንጥላቸውን እንኳ አላጠፉም። "በርቱ፣ ልጆቼ" አሉን፤ መንገዱ እንደ ሆነ የእሳቸው ሆኗል።

መሪው ላይ ሾፌራችን ጋሽ ይስማው፣ አጠገቡ አለቃችን ጓድ ዘለቀና ከደብረ ማርቆስ የመጣ እንግዳ፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ ደግሞ እኔ፣ የንብረት ክፍሉ ሹም፣ ከአካፋና ከዶማ ጋር። እንግዳው ወርዶ መኪናዋን ዞራት። ጀርባዋ ላይ በቀይ ቀለም "ቱርቦ" ተብሎ ተጽፏል። ፊደል በፊደል አነበበና፣ "ጓድ ዘለቀ፣ ይህ ቱርቦ የሚሉት የታለ?" አለ።

ጓድ ዘለቀ አያውቅም። አለቃ የማያውቀውን ሲጠየቅ ደግሞ መልስ አይፈልግም፤ ወንጀለኛ ይፈልጋል። ወደ አባቱ እኩያ ወደ ጋሽ ይስማው ዞረና፣ "አንተ! ሸጠኸዋል!" አለው።

ማታ ላይ የነገሩ ስም "አሻጥር" ሆኗል። በዚህ ዘመን ይህች ቃል ሰው ይዛ ትገባለች እንጂ ይዛ አትወጣም። ጋሽ ይስማው ከሥራ ታገደ። እስከ ዓርብ ቱርቦው ካልተገኘ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የቱርቦ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስት ነን፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። አንደኛ አጀንዳ፦ ቱርቦ ምንድን ነው? በሰፊው ተወያየን። አንዱ ጓድ የሬዲዮ ዓይነት ነው አለ። ሌላው ሄዶ መቀመጫው ሥር ፈለገ፤ የጠፋ ብዕሩን አገኘ። በመጨረሻም ኮፈኑን ከፍተን በረድፍ ቆምንና ሞተሩን ተመለከትን፤ ሞተሩም እኛን ተመለከተን። ከቡሬ መካኒክ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ልቤ ግን ኮሚቴው ላይ አልነበረም። ተማሪ ሳለን ጋሽ ይስማው ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የነጋዴ ጭነት መኪና ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ያደርሰን ነበር፤ በርበሬ ጆንያ ላይ ተደርድረን፣ ስናስነጥስ፣ ስንዘፍን። ዳገት ሲመጣ "ውረዱ፣ ምሁራን!" ይላል። ወርደን ከጎማው ኋላ ድንጋይ ታኮ እያደረግን እንከተላለን። ያች መኪና ቱርቦ ቀርቶ በር አልነበራትም። ግን ዳገት አሸንፏት አያውቅም፤ እኛም ነበርን፣ እግዜርም ነበር። ዛሬ ዳገቱ ያው ነው። የተሳፋሪው ዘፈን ነው የጠፋው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

መካኒኩ ሞገስ መጣ። መጀመሪያ ምሳ ጠየቀ፤ ጾም ነውና ሽሮ በላ። ከዚያ እጁን ጠርጎ አንድ ቀንድ አውጣ የመሰለ ብረት ላይ ጣቱን አሳረፈ። "ይኼውላችሁ!" ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ውስጡ ያለችውን መዘውር ያሽከረክራታል፤ እሷም አየር እየጠቀጠቀች መልሳ ለሞተሩ ታጎርሰዋለች። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ቱርቦ አለ! ጋሽ ይስማው ዳነ!

ደስታችን ዕድሜ አልነበረውም። ሞገስ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ አስያዘኝና ነዳጁን ረገጠ። "አየሩ ሲገባ ማበጥ አለበት፣ ያዘው!" አለኝ። ያዝሁት። የነጠፈች ላም ጡት እንደ መያዝ ነው። ሞገስ ሞተሩን አጠፋና ራሱን ነቀነቀ፦ "ሞቷል። ምናልባት ውስጡን አውጥተው ቅርፊቱን ትተውላችሁ ይሆናል።"

ምናልባት! ኮሚቴ ፊት "ምናልባት" ብሎ መናገር ጭድ ቤት ውስጥ ክብሪት መጫር ነው። ጓድ ዘለቀ ወዲያው፣ "እንግዲያው ውስጡን ሸጦታል" አለ። ከሰኞ ይልቅ ዛሬ ከፋ። ሰኞ ዕለት ሌባ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ረቂቅ ሌባ ሆኗል።

ሐሙስ፣ የካቲት 12፣ ሚካኤል

ጋሽ ይስማው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደ እኔ ጎራ አለ። ነጠላው እንደ ተጣፋ ነው።

"እስቲ ና፣ አንተ ምሁር። ሞተሩ ቀዝቅዟል። በጣትህ ነክተህ እይ።"

"ጋሼ፣ የታገዱ ሰው ነዎት እኮ።"

"እኔ አልነካትም። አንተ ነህ የምትነካት። ኮሚቴ አይደለህ?"

ዘበኛው ዞር አለልን። ጋሽ ይስማው እጁን ከኋላው አጣምሮ እያዘዘኝ ቱቦውን ፈታሁ፤ ጣቴን ሰደድሁ። መዘውሯ አለች! በትንፋሽ ትዞራለች፣ አትወላገድም፣ ጠርዟም አልተነካም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ታዲያ ለምን አትነፍስም? "ወደ ኋላ ተከተል፣ አየሩ ከሚገባበት" አለኝ፤ ድምፁ ግን ዝግ አለ። የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ከፈትሁ።

ገለባ። ጢም ብሏል።

ጋሽ ይስማው አጎንብሶ አየው። ከዚያ ነገረኝ። የእህቱ የወይዘሮ ጥሩዬ ልጅ ዘምቶ ሰሜን ነው። ከጥማድ በሬዎቿ አንዱ ሞተ። ጎረቤቶቿ ተጠራርተው ዳጉሳዋን ሊወቁላት ሲመጡ ሁሉም በሬውን ነድቶ መጣ፤ ወንድሟ ጋሽ ይስማው ባዶ እጁን ከአውድማ ዳር ሊቆም ነውን? የመንግሥትን ፒክአፕ ነድቶ መጣ። ቀኑን ሙሉ አውድማው ላይ አዞራት። "ከበሬ ትሻላለች" አለኝ፣ "እህል አትበላ፣ እበት አትጥል። ሰዉ ለበሬ የሚያንጎራጉረውን አንጎራጎረላት። እኔ ገለባውን እንዲህ ትምገዋለች ብዬ መች አሰብሁ!"

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው። ቱርቦ መሸጥ አሻጥር ነው። በመንግሥት መኪና ዳጉሳ መውቃትም አሻጥር ነው። ልዩነቱ ሁለተኛውን በእርግጥ ማድረጉ ነው።

"እንጥረገውና ዝም እንበል" አልሁት።

"በሚካኤል ቀን? እንደ ነበረ ክደነው። ነገ ይዩት። ሌባ ተብዬ ከምታሰር ወቂ ተብዬ ልታሰር።"

ከደንሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ኮሚቴው በሙሉ ተገኝቷል። መዘውሯን አሳየኋቸው፤ እያንዳንዱ ጓድ በተራ ጣቱን ሰዶ አዞራት። ቱርቦ የተሟላ ነው ተባለ። ቀጥሎ ሞገስ ሣጥኑን ከፈተ።

ጓድ ዘለቀ አንድ ጭብጥ ዘገነ። መዳፉ ላይ አሸው። እፍ አለበት። አሸተተው። ከቡሬ ወዲያ ካሉ አገው አራሾች የተወለደ ሰው ነው፤ ከፊቱ ላይ ካድሬው ለአፍታ ወጣ ሲል አየሁ።

"ዳጉሳ" አለ ቀስ ብሎ። ወደ ጋሽ ይስማው ዞረ፦ "የማን ነው?"

"የእህቴ።"

"በሬ የላትም?"

"አንዱ ሞተ። ልጇም ዘምቷል።"

ጓድ ዘለቀ መዳፉን አራገፈ።

"ጓድ መካኒክ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ዳጉ..."

"የመንገድ አቧራ ነው።"

"አዎን፣ አቧራ። የለየለት አቧራ!"

"ጸሐፊ፣ ጻፍ።" ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ያማረ ውሸት በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም።

ማጣሪያው ተራገፈ፣ ታጠበ፣ ደረቀ። ሞገስ ሲረግጠው ቱቦው እንደ ወይፈን አንገት ገትሮ እጄን ወረወረው፤ ቱርቦዋም አፏጨች። የማንኩሳን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው። ጋሽ ይስማው ወደ ሥራው ተመለሰ። ያ ቄስ አለመኖራቸው ብቻ ቆጨኝ።

እሑድ፣ የካቲት 15፣ ቅበላ

የደስ ደስ በግ አርደን ሳለ ጓድ ዘለቀ አስጠራኝ። በሩን ዘጋ።

"ከሴትዮዋ ዳጉሳ የቀረ አለ?"

ምን ልበል? "አንድ ክምር ቀርቷል ይባላል" አልሁ።

"ማክሰኞ የመስክ ሙከራ ይደረጋል። መኪናዋ ትውጣ። እኔም እገኛለሁ።"

ተመልሼ ከሥጋው ፊት ተቀመጥሁ። የልጅነቴ ቅበላ ትዝ አለኝ፤ ያኔ የምንፈራው ሥጋው ያልቅብናል ብለን ነበር። ሰውዬው አዝኖ ነው ወይስ እጅ ከፍንጅ ሊይዘን? ለጋሽ ይስማው ነገርሁት። እየቆረጠ፣ "ወጥመድም ከሆነ ክምሩ ተወቅቶ ይያዘኝ" አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

እጄ በመንሽ ተልጦ ነው የምጽፈው።

ጓድ ዘለቀ ፖሊስ ይዞ አልመጣም። ሻሽ ይዞ መጣ፤ የሚስቱን። የአየር መግቢያው አፍ ላይ በእጁ አሰረው፣ ገለባውን ያስቀርና አየሩን ያሳልፋል ብሎ። ቀጥሎ ካኪ ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለ። ወይዘሮ ጥሩዬ ፈርታ ከጎተራው ጀርባ ቆማ ነበር። "ልጅሽ ደኅና ነው?" አላት። "ወሬ የለም፣ ጌታዬ" አለች። ሌላ አልጠየቃትም። መንሽ አነሣና ዳጉሳውን መበተን ጀመረ። በአገውኛ የሆነ ነገር ያንጎራጉራል፤ አባቱ አውድማ ላይ ይላት የነበረች እንጉርጉሮ ሳትሆን አትቀርም። እኔም በርበሬ ጆንያ ላይ የዘፈንነውን ጀመርሁ፤ አዝማቹን ረስቼዋለሁ።

እኩለ ቀን ላይ፣ "እስቲ እኔ ልንዳት" አለ። መንዳት አይችልም። ማንም እንዲህ ሊለው አልደፈረም። ሁለት ዙር ዞረና በሦስተኛው መኪናዋን ከአውድማው አውጥቶ ከታች ወዳለው ገደል አዞራት።

"አንተ ልጅ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ይስማው። "ፍሬኑን! ወደ ውስጥ ያዝ፣ ወደ ውስጥ! ምን ያለው ነው!"

መኪናዋ ቆመች። ሰዉም ቆመ። ጋሽ ይስማው ያለውን ለራሱ ሲሰማው አፉን በእጁ ከደነ።

ጓድ ዘለቀ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ቅንድቡ በእብቅ ነጥቷል።

"እሺ፣ ጋሼ" አለ። "በየት በኩል ልያዝ?"