የአባባን ሰዓት ስለመላክ

ለወንድሜ ለፈለቀ፤

ሰላምህ ይብዛልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? የጆሃንስበርግ ብርድ ጀመረ ወይ? ሱቅህንስ ሳይመሽ ትዘጋለህ? ይሄን ሳልሰማ ሆዴ አያርፍም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ በጊዜ ገብቶ በቆሎው በቅሏል።

በወንድይፍራው እጅ የላክኸው ስማርት ሰዓት ደርሶኛል፤ እጅህ ይባረክ። አብሮት የመጣው ቃል ግን አናደደኝ። የድሮ ሰዓት ጊዜው አልፎበታል፣ ስለዚህ አዲሱን እሰርና አባባ ማጎ ላይ ለአዳኝ ፈረንጆች መኪና ሲነዳ የተሸለመውን የወርቅ ሰዓት ለወንድይፍራው ስጠው፣ ሲመለስ ያምጣልኝ ብለሃል።

እሺ ብዬ ሦስት ሳምንት አሰርኩት። ያየሁትን በተራ ልንገርህ። አንደኛ፣ ቻርጅ ቻርጅ ይላል፤ እዚህ መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ እሱም አብሮ ጠፋ። የአባባን ጠዋት ከሞላሁት ማንንም አይለምንም። ሁለተኛ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ይለኛል። ወንድይፍራው የፈረንጅ ቆጠራ ስለሆነ ስድስት ቀንስበት አለኝ። ሰዓት ለማየትም ሂሳብ? ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት ልናስታርቅ ተቀምጠን፣ ሰውዬው እያለቀሰ፣ ሰዓቱ ክንዴ ላይ ተንቀጠቀጠና ተነስተህ ተራመድ የሚል ጻፈ። ሚስትየዋ አየችኝና "ጋሽ ለማ፣ ቸኮሉ እንዴ?" አለችኝ። የት ልግባ!

የባሰው የልብ ምት መቁጠሩ ነው። አባባን የወሰደው ልብ መሆኑን ታውቃለህ። ቁጥሩን ሳይ እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ ቁጥሩ ይጨምራል። ከበቡሽ "እንዲህ የሚቆጣጠርህ፣ ያሰርከው ሰዓት ነው አማት?" አለችኝ፤ አማቷ እማዬ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች!

ደግሞስ ጊዜው ካለፈበት አንተ ለምን ፈለግኸው? ይሄ አልገባ ብሎኝ ስነጫነጭ እማዬ ናት የመለሰችልኝ። "ልጄ አባቱን አልቀበረ፤ ምኑን ይጨብጥ?" አለች። ታዲያ ፈለቀ፣ እንዲህ ብለህ አትጽፍም ነበር? ዘመን ምናምን እያልክ ምን አዞረህ?

ሰዓቱን ለወንድይፍራው ሰጥቼዋለሁ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ከጉያው እንዳይለየው ቃል አስገብቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሃያ ዙር ሙላው፤ ጠበቅ ሲልብህ ተው፣ አታስገድደው። ውሃ አታስነካው። ሱቅ ይዘኸው አትግባ። ሌባ ከመጣብህ ግን ፈትተህ ስጠው፤ እንዳትታገል። በዚያ ሰዓት ሰበብ ለሁለት ሰው አላለቅስም።

አዲሱን ልጄ ባሮክ ወስዶታል፤ ለወጣት ይሆናል፣ አልክድም። የኔ ክንድ ላይ የማሰሪያው ምልክት ብቻ ቀርቷል።

እማዬ ግንባርህን ትስምሃለች። ከበቡሽ ክረምቱን ደርበህ ልበስ ብላሃለች። ቤቴል አስረኛ ክፍል ገብታለች፤ ባሮክንም እሷንም በጣም ናፍቀሃቸዋል። ሰዓቱ እንደደረሰህ በዚያው ቀን ደውል።

ታላቅ ወንድምህ ለማ
ጂንካ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.