ኦቦ ቶላ ያልነኩት

ሰበታ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፰ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ከትምህርት ቤት መልስ ወጌሻው ኦቦ ቶላ ዘንድ ለመታሸት ሄድኩ። ሳስተምር እጄን ወደ ሰሌዳው ማንሳት ካቃተኝ ሰንብቷል። እሳቸው ሲያሹ ዝም አይሉም። ሰው በወሬያቸው ሲዘናጋ ነው የተኮማተረውን ጅማት ድንገት የሚስቡት። ይህን ስለማውቅ ዛሬም ስለ ላማቸው ምጥ ሲያወሩልኝ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

ቅቤ የተቀባ አውራ ጣታቸው ከትከሻዬ ወደ ብብቴ ወረደና ቆመ። ላሟ ትውለድ አትውለድ ሳይነግሩኝ ወሬው ተቋረጠ።

"ምነው ኦቦ ቶላ፣ አይስቡትም እንዴ?" አልኳቸው።

"ይሄ ጅማት አይደለም ልጄ። ጅማት ቢሆን ስነካው ያምሽ ነበር። እኔ አልነካውም። ከባልሽ ጋር አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።"

እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ነጠላዬን ራሳቸው አለበሱኝ። እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ቤት ስገባ ባሌ፣ "ለቀቀሽ?" አለኝ።

"ቀለል ብሎኛል" አልኩት። ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጣቴ ከብብቴ አልወጣ አለ። እብጠቷ ባቄላ ታክላለች። ብጫናትም ከቦታዋ አትነቃነቅም። ትከሻዬ እንዲያ ሲያሰቃየኝ ከርሞ፣ እሷ ምንም አታምም።

ምነው ባመመችኝ።